የፑል ጠረጴዛ በቤት ወርክሾፕ፦ ከፍሬም እስከ ጨርቅ

መጀመሪያ የሠራሁት የፑል ጠረጴዛ ለዓይን ምንም አይወጣለትም ነበር። እግሮቹ በጥንቃቄ የተጠረቡ፣ ቫርኒሹ ሦስት ጊዜ የተቀባ፣ ጨርቁ እንደ ከበሮ የተወጠረ። ችግሩ ቀስ ተደርጋ የተመታች ኳስ ሁሉ ልትቆም ስትል ወደ ግራው ማዕዘን ትታጠፋለች። ጓደኞቼ ሳምንት ሳይሞላቸው ነቁበት፤ ከዚያ በኋላ ኳስ በዚያ አቅጣጫ ለቀቅ አድርጎ መጠበቅ ሆነ ጨዋታቸው። ጥፋቱ የራሴ ነው። ሁለቱን የኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ንጣፎች ኮላ ቀብቼ ያጣበቅኋቸው የወርክሾፑ ወለል ላይ ነበር። ወለሉ መሐሉ ላይ ትንሽ ሆድ አለው፤ ኮላው ሲደርቅ ጠረጴዛውም ያንኑ ሆድ ይዞ ቀረ።

ስለዚህ እዚህ ብዙ የምቆየው ተጫዋቹ በማያያቸው ነገሮች ላይ ነው፤ ፍሬሙ፣ የንጣፉ ልክነት፣ ኳስ ነክታው የምትመለስበት የጠርዙ ጎማ ከፍታ። የእግሩን ቅርጽና የቫርኒሹን ቀለም እንደ ፍላጎታችሁ።

መጠኑ

የፑል ሜዳ ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ ነው። "ሜዳ" የምለው ከጎማ ጫፍ እስከ ጎማ ጫፍ ያለውን፣ ኳስ የሚንከባለልበትን ቦታ ብቻ ነው። ባለ 9 ጫማ የሚባለው የውድድር ጠረጴዛ ሜዳው 254 በ127 ሳ.ሜ. ነው። ባለ 8 ጫማው 224 በ112፣ ባለ 7 ጫማው ደግሞ 198 በ99 ገደማ ይሆናል።

ለቤት ሥራ 7 ጫማውን ምረጡ። ምክንያቴ ቀላል ነው፦ ኤምዲኤፍ የሚሸጠው በ244 በ122 ሳ.ሜ. ነው። ለ7 ጫማ ሜዳ በዙሪያው 11.5 ሳ.ሜ. ስትጨምሩ 221 በ122 ይመጣል፤ ወርዱን ሳትነኩ ርዝመቱን ብቻ ትቆርጣላችሁ፣ መሐል ላይም ምንም መጋጠሚያ አይኖርም። መጋጠሚያ የሌለው ንጣፍ ግማሽ ራስ ምታት ቀነሰ ማለት ነው።

እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት ክፍሉን ለኩ። የተለመደው ዱላ 147 ሳ.ሜ. ገደማ ነው። ኳሷ ጎማው ሥር ተጠግታ ስትቆም ዱላው ሙሉ በሙሉ ከሜዳው ውጭ ይሆናል፣ ለክንድ መሳቢያም 15 ሳ.ሜ. ያህል ያስፈልጋል። ይህን በአራቱም በኩል ስትደምሩ ክፍሉ 5.2 በ4.2 ሜትር አካባቢ ሆኖ ይወጣል። ክፍሉ ከዚያ ከጠበበ በሁለት ግድግዳ በኩል አጭር ዱላ መጠቀም ግድ ነው፤ መጫወት ይቻላል፣ ግን ያበሳጫል።

ድንጋይ ወይስ እንጨት

በውድድር ጠረጴዛ ጨርቁ ሥር ያለው ስሌት የሚባል ድንጋይ ነው፤ ለውድድር የሚጠየቀው ውፍረት 25.4 ሚ.ሜ. ነው። ስሌት በእርጥበት አያብጥም፣ በጊዜ ብዛት አይጎብጥም። በእኛ መጠን ግን ድንጋዩ ብቻውን ከ180 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ጉድጓዶቹን መቁረጥም የድንጋይ ሠራተኛ ሥራ ነው። ከአሮጌ ጠረጴዛ የወጣ፣ ያልተሰነጠቀ ስሌት ካገኛችሁ አትለፉት፤ ፍሬሙን በዚያው ልክ አጠንክሩት። ካልሆነ ሁለት ባለ 25 ሚ.ሜ. ኤምዲኤፍ ደርቡ። አንዱ ንጣፍ 50 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ሁለቱ ሲጣበቁ 5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ጥሩ ሜዳ ይወጣቸዋል።

ችፑድ ተዉት፤ የጉድጓዱ ጠርዝ ይፈረፈራል። ኮምፔርሳቶ ጠንካራ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ከመደብር ሲወጣ ጀምሮ ትንሽ የጎበጠ ነው። የኤምዲኤፍ ጠላቶች ሁለት ናቸው፤ ውሃና ጊዜ። ውሃ ያሳብጠዋል፤ ድጋፍ በሌለው ቦታ ደግሞ በራሱ ክብደት በወራት ውስጥ ይረግባል። የመጀመሪያውን በቫርኒሽ፣ ሁለተኛውን በፍሬም እንከለክላለን። ብናኙ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አፍና አፍንጫችሁን ሳትሸፍኑ አትቁረጡት።

ፍሬሙ

ፍሬሙን የደረቀና ቀጥ ያለ እንጨት ምረጡና ከ18 በ4.5 ሳ.ሜ. ጣውላ ሥሩት። ጣውላው የሚቆመው በጠባብ ጎኑ ነው፤ ሸክሙን የሚችለው ቁመቱ እንጂ ውፍረቱ አይደለም። የውጭ ልኩ 190 በ88 ሳ.ሜ. ይሁን። ከንጣፉ ያነሰበት ምክንያት አለው፦ ጉድጓዶቹና የስፖንዳ (ጎማው የሚለጠፍበት የዙሪያ እንጨት) ብሎኖቹ ከፍሬሙ ውጭ እንዲውሉና ከሥር ቁልፍ እንዲገባላቸው ነው። ፍሬሙን ከንጣፉ እኩል የሠራ ሰው ብሎን ለማጥበቅ እጁን የሚያስገባበት ያጣል።

በወርዱ በኩል በየ32 ሳ.ሜ. ገደማ አንድ አግዳሚ አስገቡ፤ አምስት ይሆናሉ። በርዝመቱ በኩል ደግሞ መሐል ለመሐል አንድ። ከዚህ ካሳሳችሁት በዓመቱ ጨርቁ ሥር ሞገድ ታገኛላችሁ። መገጣጠሚያዎቹን በኮላና በብሎን እሠሩ፣ በሚስማር ብቻ አትተዉት። ኮላው ሳይደርቅ ሰያፉን ለኩ፤ ሁለቱም ሰያፎች 209.4 ሳ.ሜ. አካባቢ ሆነው እኩል መምጣት አለባቸው። ካልመጡ ረጅሙን ሰያፍ በሞርሳ ሳብ አድርጋችሁ አስተካክሉ።

እግሮቹ አራት ይበቃሉ፤ ውፍረታቸው ከ10 በ10 ሳ.ሜ. አይነስ። በያንዳንዱ እግር ሥር ባለ 12 ሚ.ሜ. ብሎን ከዳዶው ጋር ቅበሩ፣ ከፍ ዝቅ ማድረጊያ እንዲሆን። የሜዳው ከፍታ ለውድድር ከ74.3 እስከ 78.7 ሳ.ሜ. ነው። 76 ላይ ለማቆም ንጣፉ 5፣ ብሎኑ 2 ሳ.ሜ. ስለሚወስዱ የፍሬሙ አናት ከእግሩ ጫፍ 69 ሳ.ሜ. ላይ ይሁን።

አሁን የሁሉ ነገር መሠረት የሆነው ሥራ ይመጣል፤ የፍሬሙን አናት አንድ ልክ ማድረግ። ውሃ ልክ ብቻውን አይበቃም። አራቱም ጠርዝ ለየብቻው ልክ መስሎ ፍሬሙ ግን እንደ እርጥብ ሳንቃ ሊጠመዘዝ ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው ሲባጎ ነው። ሁለት ቀጭን ሲባጎ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ወጥሩ፣ መሐል ላይ ተሻግረው እንዲያልፉ። በሚገናኙበት ቦታ ሳይገፋፉ መነካካት ብቻ አለባቸው። ከዚያ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ አዙሩና እንደገና እዩ። አንደኛው ጊዜ ክፍተት፣ ሌላው ጊዜ መገፋፋት ካያችሁ ፍሬሙ ተጠምዟል፤ አንዱን እግር በብሎኑ ከፍ አድርጉ። ቀጥሎ ባለ 2 ሜትር የአልሙኒየም ስታጃ (ቀጥ ያለ የልክ ማያ ዘንግ) በአግዳሚዎቹ ላይ አሳልፉ። ከፍ ያለውን በመላጊያ ላጉ። ዝቅ ያለውን ለጊዜው ተዉት፤ መፍትሔው ወደ ፊት ይመጣል።

ንጣፉን መደረብ

ሁለቱን ኤምዲኤፍ 221 ሳ.ሜ. ላይ ቁረጡ። የታችኛውን ፍሬሙ ላይ አስቀምጡና አግዳሚዎቹ የሚያልፉበትን ከሥር በእርሳስ አስምሩ። ከዚያ አውርዳችሁ በመስመሮቹ መካከል በየ18 ሳ.ሜ. ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ ብሱ። ቀዳዳው የታችኛውን ንጣፍ ሙሉ ለሙሉ ያሳልፍ፣ የብሎኑ ራስ የሚቀመጥበትም ሰፋ ይበል። ኤምዲኤፍ ሳይበሳ ብሎን ከገባበት በብሎኑ ዙሪያ እንደ ብጉር ያብጣል፤ ያ እብጠት ሁለቱን ንጣፎች ለያይቶ ያስቀራቸዋል።

የማጣበቁ ሥራ ወለል ላይ አይሁን! የሚጣበቀው ልኩ የተስተካከለው ፍሬም ላይ ነው። ፍሬሙ ላይ ላስቲክ አንጥፉ፣ ንጣፉ ከፍሬሙ ጋር እንዳይጣበቅ። የእንጨት ኮላውን በሮለር በስሱ በሁሉም ቦታ አዳርሱ፤ ኮላ ውስጡ ውሃ ስላለው የትም ቦታ ኩሬ መሥራት የለበትም። የላይኛውን ለአራት ሆናችሁ አውርዱት። ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ገብታችሁ ባለ 40 ሚ.ሜ. ብሎኖቹን ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ጠርዝ አጥብቁ። ከላይ ያገኛችሁትን ከባድ ነገር ሁሉ ጫኑበትና አንድ ቀን ሙሉ ተዉት።

ሲደርቅ ልኩን ፈትሹ። ለውድድር ጠረጴዛ የሚፈቀደው ልዩነት በወርዱ በኩል 0.25 ሚ.ሜ.፣ በርዝመቱ በኩል 0.5 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ተራ የኮፒ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚ.ሜ. ያህል ነው። ስታጃውን በወርዱ አጋድሙና በሥሩ ሁለት ወረቀት ካለፈ ደህና ነው፤ ሦስት ካለፈ ሥራ አለባችሁ። በፍሬሙና በንጣፉ መካከል ዝቅ ባለው ቦታ ላይ የመጫወቻ ካርታ ሸጉጡ። አንድ ካርታ 0.3 ሚ.ሜ. ያህል ነው፣ አይሰባበርም፣ ሲፈለግም ይወጣል። አንድ ሙሉ የካርታ እሽግ ለዚህ መሥዋዕት አድርጉ። ከዚያ ንጣፉን በስድስት ወይም በስምንት ቦታ በአንግል ብረት ከፍሬሙ ጋር እሠሩት።

ጉድጓዶቹን ከቆረጣችሁ በኋላ (ከዚያ በፊት አይደለም) ሁለቱንም ገጽና ጠርዙን ሁሉ በስሱ ቫርኒሽ ቀቡ። አንድ ገጽ ብቻ ቀብቶ ሌላውን መተው ንጣፉን ወደ አንድ ወገን ያጎብጠዋል።

ጉድጓዶቹ

ንጣፉ ላይ 198 በ99 የሆነውን ሜዳ በእርሳስ አስምሩ፤ በዙሪያው 11.5 ሳ.ሜ. ይተርፋል፣ ሰያፉም 221.4 ሳ.ሜ. ይመጣል። ይህ መስመር የጎማው ጫፍ የሚያርፍበት ነው፤ ከአሁን በኋላ ሁሉም ልክ የሚነሣው ከእሱ ነው።

ለማዕዘን ጉድጓድ የክቡ መሐል ከሁለቱም መስመሮች 26 ሚ.ሜ. ወደ ውጭ ወጥቶ ይውላል፤ ዲያሜትሩ 120 ሚ.ሜ. ነው። በዚህ ልክ ኳሷ የጉድጓዱን አፍ ካለፈች በኋላ ከመውደቋ በፊት 35 ሚ.ሜ. ያህል የምትንከባለልበት ደፍ ታገኛለች። ደንቡ ከ25 እስከ 57 ሚ.ሜ. ይፈቅዳል። ደፉ በረዘመ ቁጥር ጉድጓዱ ይከብዳል፤ በኃይል የተመታች ኳስ ከንፈሩን መትታ ትመለሳለች።

የጎን ጉድጓድ ደፉ ቢበዛ 9.5 ሚ.ሜ. ነው፤ እኔ 5 ላይ አደርገዋለሁ። ዲያሜትሩ 110 ሲሆን መሐሉ ከመስመሩ 60 ሚ.ሜ. ወደ ውጭ ይገኛል። በዚህ ልክ ክቡ የንጣፉን ጠርዝ ይነካል፤ ስለዚህ እስከ ጠርዙ ክፈቱትና እንደ ፈረስ ጫማ ይቅር። በጅግሶ ከመስመሩ ውስጥ ትንሽ አስተርፋችሁ ቁረጡ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ወደ ልኩ አምጡት። ኳስ የምትወድቅበትን የላይ ጠርዝ አለዝቡት፤ ስለት ሆኖ ከቀረ ጨርቁን በወራት ውስጥ ይበላዋል።

ለማጠራቀሚያ መረብ ወይም የቆዳ ከረጢት ይበቃል። ኳሶቹ ተንከባለው አንድ ቦታ የሚሰበሰቡበትን ቦይ ለመጀመሪያ ጠረጴዛ አልመክርም፤ ክብደት ይጨምራል፣ ኳስ ይቀረቀራል፣ ስትፈቱትም ልኩን ያዛባል።

ስፖንዳና ጎማ

ጠረጴዛውን ጠረጴዛ የሚያሰኘው ይህ ነው። በቤት የተሠሩ ብዙ ጠረጴዛዎች ንጣፋቸው ደህና ሆኖ እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

የፑል ኳስ ዲያሜትሩ 57.15 ሚ.ሜ. ነው። የጎማው ጫፍ ኳሷን የሚነካው ከመሐሏ ከፍ ብሎ፣ ከቁመቷ 63.5 በመቶ ላይ መሆን አለበት፤ በሚ.ሜ. ሲሰላ 36.3 ማለት ነው። የሚፈቀደው ከ35.7 እስከ 36.8 ነው። ምክንያቱን ለማየት ጎማውን በጣም ዝቅ አድርጉትና ኳስ ምቱ፤ ከመሐሏ በታች ስለተገፋች ከሜዳው ትዘላለች። በጣም ከፍ ሲል ደግሞ ጎማው ኳሷን ጨርቁ ላይ ይጫናታል፤ ፍጥነቷን ትጨርስና እዚያው ትደክማለች።

ጎማው እቤት የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ለፑል የተሠራ ባለ ሦስት ማዕዘን የስፖንዳ ጎማ ግዙ። ኬ-66 የሚባለው ቅርጽ በብዛት ይገኛል። የበርና የመኪና ጎማ ቆርጠው የሞከሩ አውቃለሁ፤ ኳሷ ግድግዳ የነካች ያህል ደንዝዛ ትመለሳለች። ጎማ ራሱ ድሮ እንዲሁ ነበር፤ በብርድ ይደነድን በሙቀት ይለሰልስ ነበር። ይህን ችግር የፈታው ጎማን ከድኝ ጋር በሙቀት የማዋሃድ ዘዴ ነው፤ ቻርልስ ጉድይር በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን ያገኘበት በ1844 እ.ኤ.አ. ነው።

ስፖንዳው እንጨቱ ነው፤ ጠንካራ፣ ከባድና በደንብ የደረቀ ይሁን። ቀላል እንጨት የኳሷን ጉልበት ይውጠዋል። ጎማውን ጨምሮ አጠቃላይ ስፋቱ 14 ሳ.ሜ. ቢሆን ጥሩ ነው።

ስድስቱንም ስፖንዳ ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ የ10 ሳ.ሜ. ቁራጭ ሥሩ። የፊቱን ሰያፍ ቁረጡ፣ ጎማ ለጥፉበት፣ የጨርቅ ቅዳጅ ከሥሩ አንጥፋችሁ ንጣፉ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ሁለት የመለኪያ ቁራጭ አዘጋጁ፤ አንዱ 36 ሚ.ሜ.፣ ሌላው 37። የ36ቱ በጎማው ጫፍ ሥር ሳይጨናነቅ ማለፍ፣ የ37ቱ ደግሞ እምቢ ማለት አለበት። ሁለቱም ካለፉ ወይም ሁለቱም ካላለፉ የፊቱን ሰያፍ ወይም የእንጨቱን ውፍረት ለውጡና ሌላ ቁራጭ ሞክሩ። እኔ አምስተኛው ላይ ነው የተሳካልኝ። አምስት ቁራጭ መጣል ስድስት ስፖንዳ ከመጣል ይሻላል።

አሁን ርዝመቱ። የማዕዘን ጉድጓድ አፍ ለውድድር ከ114.3 እስከ 117.5 ሚ.ሜ.፣ የጎኑ ከ127 እስከ 130.2 ነው። ጨርቁ ሲለብስ አፉ ትንሽ ስለሚጠብ ወደ ሰፊው አደላለሁ፤ 116 እና 130። ማዕዘኑ ላይ 116 ለማግኘት እያንዳንዱ ጎማ ከማዕዘኑ 82 ሚ.ሜ. ቀርቶ ማለቅ አለበት። ከዚህ ስንነሣ የአጭሩ ስፖንዳ የጫፍ መስመር 826 ሚ.ሜ.፣ የአራቱ የረጅም በኩል ስፖንዳዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 843 ሚ.ሜ. ይሆናሉ።

እዚህ ጋ ወጥመድ አለ። በተቆረጠው ጫፍ ላይ 3 ሚ.ሜ. ያህል ውፍረት ያለው ጠንከር ያለ ላስቲክ ይለጠፋል፤ እሱ ከሌለ የጎማው ጫፍ በኳስ ምት ይፈረካከሳል። ያ 3 ሚ.ሜ. በማዕዘን በኩል፣ ቆረጣው ሰያፍ በመሆኑ፣ በጫፉ መስመር ላይ 5 ሚ.ሜ. ይበላል፤ በጎን ጉድጓድ በኩል 3 ብቻ። ስለዚህ እንጨትና ጎማው የሚቆረጡት አጭሩ 816፣ ረጅሞቹ 835 ላይ ነው። ይህን ረስቶ የቆረጠ ሰው ጉድጓዱ ጠቦት ኳስ አልገባ ይለዋል።

የቆረጣው አንግል በማዕዘን 142፣ በጎን 104 ዲግሪ ነው። የመጋዝ ዲግሪ የሚቆጠረው ከቀጥታ ቆረጣ ስለሆነ 90 ቀንሱለት፤ ማዕዘኑ 52፣ ጎኑ 14 ይሆናል። ብዙ መጋዝ 52 ድረስ አይዞርም፤ ከኮምፔርሳቶ በልኩ የተቆረጠ ማስደገፊያ ሥሩለትና ሁሉንም በእሱ ቁረጡ። በዚያ ላይ ቆረጣው ከላይ ወጣ፣ ከታች ገባ ያለ ይሁን፤ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ። ይህ ዝንባሌ የገባችውን ኳስ ወደ ታች ይጫናል፣ እንዳትመለስ። ሁለቱን አንግሎች በአንድ ጊዜ መያዝ ያደናግራል፤ በቁራጭ እንጨት ካልተለማመዳችሁ ግራና ቀኙ ይገለበጥባችኋል። አራቱ ረጅሞች ሁለት የግራ፣ ሁለት የቀኝ ናቸው፤ ሳትቆርጡ በፊት እያንዳንዱ ላይ ጻፉበት።

ጎማውን በማስቲሽ ለጥፉ። ሁለቱንም ገጽ ቀቡ፣ እጅ የማይዝ እስኪሆን ጠብቁ፣ ከዚያ ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ ሳትስቡ አስተኙት። ተስቦ የተለጠፈ ጎማ ውሎ አድሮ ይኮማተራል፣ ርዝመቱም ይዛባል።

እያንዳንዱ ስፖንዳ በሦስት ባለ 10 ሚ.ሜ. ብሎን ከሥር ይታሰራል። የብሎኑ መስመር ከጎማው ጫፍ 85 ሚ.ሜ. ወደ ውጭ ነው። ዳዶውን ስፖንዳው ውስጥ ቅበሩ፣ ከንጣፉ ሥር ሰፊ ሮንዴላ አድርጉ። የላላ ስፖንዳ በድምፁ ይታወቃል፤ ኳስ ስትመታው "ዱብ" ይላል።

ጨርቅ ከመልበሱ በፊት ተጫዋች የሚያነጣጥርባቸውን ምልክቶች ስፖንዳው ላይ አድርጉ። በየ24.75 ሳ.ሜ.፣ ማለትም በሜዳው ርዝመት አንድ ስምንተኛ፣ ከጎማው ጫፍ 94 ሚ.ሜ. ወደ ኋላ። በእያንዳንዱ ስፖንዳ ሦስት፣ በድምሩ 18። ትንሽ ክብ ነገር ቀብራችሁ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት።

ጨርቁ

ለፑል የተሸመነ የሱፍና የናይለን ቅልቅል ግዙ። ለንጣፉ ቢያንስ 250 በ150 ሳ.ሜ.፣ ለስፖንዳ ደግሞ 18 ሳ.ሜ. ስፋትና 105 ሳ.ሜ. ርዝመት ያላቸው ስድስት ቁራጮች ያስፈልጋሉ። ስድስቱንም በአንድ አቅጣጫ ቁረጡ፤ አንዱን ቁመቱን፣ ሌላውን ወርዱን ይዞ የተቆረጠ ጨርቅ እኩል አይወጠርም።

መጀመሪያ ጭረት ያለበትን በስቱኮ ሙሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ ከዚያ ንጣፉን በደረቅ እጅ ዳብሱት። እጅ የሚሰማውን አሸዋ ኳስም ትሰማዋለች። ጨርቁን ከአንድ አጭር ጠርዝ መሐል ጀምራችሁ በስቴፕለር እሠሩ፣ ወደ ሁለቱ ማዕዘን ሂዱ። ከዚያ ወደ ተቃራኒው ጠርዝ ሂዱና በሁለት እጅ ስባችሁ እሠሩ፤ እዚህ ላይ ረዳት ያስፈልጋል። በመጨረሻ ሁለቱን ረጅም ጠርዞች። ትክክል የተወጠረ ጨርቅ መዳፍ አስተኝታችሁ ስትገፉት ፊቱ ላይ እጥፋት አይሠራም። ጉድጓዱ ላይ ከመሐል ወደ ዙሪያ ሰንጥቁት፣ ጠርዙ ላይ ሊደርስ 1 ሳ.ሜ. ሲቀረው አቁሙ፣ ክንፎቹን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ እሠሩ።

የስፖንዳውን ጨርቅ እንጨቱ አናት ላይ በተቆፈረ ጠባብ ቦይ ውስጥ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ይዞት ይገባል፤ ከዚያ ጎማውን አልብሶ ከሥር በስቴፕለር ይታሰራል። ዘንጉን ስታስገቡ ጨርቁን በርዝመቱ ሳብ አድርጉ። በጣም ከተወጠረ ግን ጎማውን ይጨቁነውና ኳሷ ትዘገያለች።

ሙከራው

ስፖንዳዎቹን እሠሩና የመለኪያ ቁራጮቹን እንደገና በጎማው ሥር አሳልፉ። ቀጥሎ ካርቶን አጥፋችሁ ትንሽ ተዳፋት ሥሩ፣ 3 ሳ.ሜ. ያህል ከፍታ ያለው፤ ኳሷን ሳትገፉ ከላዩ ልቀቋት። እጅ የለቀቃት ኳስ ትዋሻለች፣ ካርቶን የለቀቃት አትዋሽም። በርዝመቱ ላኳት፣ የቆመችበትን ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ከተቃራኒው ጫፍ በዚያው መስመር መልሷት። በሁለቱም ጉዞ ወደ አንድ ግድግዳ ካደላች ሜዳው ዘንበል ብሏል፤ የእግሩን ብሎን አዙሩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከታጠፈች እዚያ ጋ እብጠት ወይም ርግበት አለ፤ መፍትሔው ካርታ ነው። ኳስ ቀይራችሁም ሞክሩ፤ አንዳንዴ ጥፋተኛዋ ራሷ ኳሷ ናት።

የጎማውን ጤና ለማየት ነጯን ኳስ በርዝመቱ ጠንከር አድርጋችሁ ምቷት። ደህና ጠረጴዛ ላይ ሳትዘል ከ4 እስከ 4 ተኩል የጠረጴዛ ርዝመት ትሄዳለች። ኳሶቹ የሚደረደሩበት ነጥብ ከአጭሩ ጎማ ጫፍ 49.5 ሳ.ሜ. ላይ፣ ከወርዱ መሐል ነው።

እንጨት ቦታውን እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል፤ በሦስተኛው ሳምንት ብሎኖቹን አጥብቁ፣ የካርቶኑን ሙከራ ድገሙ። ዝናባማው ወቅት ሲገባና ሲወጣም እንዲሁ። በሁለተኛው ጠረጴዛዬ ሥር አሁን አራት ካርታ አለ፤ ሦስቱ በመስኮቱ በኩል፣ አንዱ መሐል ላይ። የመሐሉ ባለፈው ነው የተጨመረው።